ከፋብሪካ ከተማ የወጣ ምት፦ ስካ በኮቨንትሪ



የዛሬ ምሽት ርእሴ አንዲት የእንግሊዝ የፋብሪካ ከተማና ከእርሷ የወጡ ባንዶች ናቸው። ከተማዋ ኮቨንትሪ ትባላለች፤ ሙዚቃው ስካ ነው። ዘመኑ ከ1979 እስከ 1981 ነው፤ ቀኖቹንና ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ሦስት ዓመት እንኳ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የመኪና ሠራተኞች ልጆች፣ የኮሌጅ ተማሪዎችና ከካሪቢያን የመጡ ቤተሰቦች ልጆች የጃማይካን የጭፈራ ሙዚቃ አንሥተው፣ ጥቁርና ነጭ ጎን ለጎን ቆመው ተጫወቱት፤ የአገሪቱንም የሙዚቃ ሰንጠረዥ አናት ተቆናጠጡ።

ይህ ነገር ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሣው የአንድ ሰው ስም ነው። ሰውየው ጎበዝ ነበር፤ ወደ እርሱ እመጣለሁ። እኔ ዛሬ ላስረዳችሁ የምሻው ግን ሌላ ነገር ነው፦ ይህን ሙዚቃ የወለደው ጉርብትና ነው። ጉርብትናውን ደግሞ ያቆሙት ፋብሪካዎች፣ የወጣት ማዕከሎችና የጭፈራ አዳራሾች ነበሩ። እነዚያ መናድ ሲጀምሩ ሙዚቃውም ዕድሜው አጠረ።

በቅድሚያ ግን ስካ ምን እንደሆነ እንስማማ። እስቲ አብረን እንቁጠር፦ አንድ እና፣ ሁለት እና፣ ሦስት እና፣ አራት እና። ቁጥሩ ላይ በእግራችሁ ወለሉን ምቱ፤ «እና» ላይ አጨብጭቡ። አሁን የስካን አጥንት ይዛችኋል። ቤዙ በየቁጥሩ እየተራመደ ይሄዳል። ጊታሩና ፒያኖው ግን ቁጥሩን ዘለው እናንተ ባጨበጨባችሁበት ቦታ ላይ ብቻ አጠር፣ ቆረጥ አድርገው ይገባሉ። ከላይ ትሮምቦን፣ ትራምፔትና ሳክስፎን ዜማውን ይዘው ይነጉዳሉ። ሰው ቁጭ ብሎ ሊያዳምጠው የሚቸገረው ለዚህ ነው፤ ሰውነት የተዘለለውን ምት በራሱ ሊሞላው ይነሣል።

ይህ ምት የተወለደው በ1950ዎቹ መጨረሻ በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን ነው። ባንድ ለመቅጠር አቅም ያልነበረው የከተማው ድሃ የሚጨፍረው በየግቢው በሚተከሉ ግዙፍ የድምፅ ማጉያዎች ነበር። የማጉያዎቹ ባለቤቶች፣ እነ ክሌመንት ዶድ፣ እነ ዱክ ሪድ፣ በኋላም ፕሪንስ በስተር፣ ከአሜሪካ በሚመጡ የሪትም ኤንድ ብሉዝ ሸክላዎች ይፎካከሩ ነበር። የአሜሪካ ሙዚቃ መልኩን ሲቀይርና ለጭፈራ የሚሆን ሸክላ ሲጠፋ፣ በገዛ ከተማቸው ሙዚቀኞች ማስቀዳት ያዙ። ከዚያ ቀረጻ ስካ ወጣ። ጃማይካ ነሐሴ 1962 ነጻነቷን ስትቀዳጅ የአደባባዩ ሙዚቃ ይኸው ነበር።

ሙዚቀኞቹ ከየት መጡ? ብዙዎቹ የወጡት ካቶሊካውያን መነኮሳይያት ከሚያስተዳድሩት የአልፋ የወንዶች ልጆች ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱ ችግረኛ ልጆችን ተቀብሎ ሙያ ያስተምር ነበር፤ ከሙያዎቹ አንዱ የነፋስ መሣሪያ መጫወት ነው። በ1964 የተቋቋመውና የስካ ታላቁ ባንድ የሚባለው ስካታላይትስ ከዚያ የተማሩ እንደ ቶሚ ማኩክና ዶን ድራመንድ ያሉ ሰዎችን ይዞ ነበር። ባንዱ በተቋቋመ በዓመቱ ተበትኗል፤ የተቀዳው ሥራ ግን እስከ ዛሬ ይሰማል።

እዚህ ላይ የእኛም ስም ይነሣል። በኪንግስተን ዳርቻ በዋሬካ ኮረብታ የራስተፋራይ ምእመናን ሰፈር ነበር። እዚያ ካውንት ኦሲ የተባለ ከበሮ መቺ ከበሮውን ይደልቃል፣ የከተማው የጃዝና የስካ ሙዚቀኞችም እየወጡ አብረውት ይጫወታሉ። የምእመናኑ ዓይን ወደ ኢትዮጵያና ወደ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ያየ ነበርና ስካታላይትስ ካስቀዷቸው በመሣሪያ ብቻ የሚጫወቱ ሥራዎች አንዱ «አዲስ አበባ» የሚል ርእስ አለው። ጃንሆይ ሚያዝያ 1966 ኪንግስተን ሲገቡ አውሮፕላን ማረፊያውን በሞላው ሕዝብ መሀል ይህን ሙዚቃ የፈጠረው ትውልድ ነበረ። በዋሬካ ከከረሙት አንዱ ሪኮ ሮድሪገዝ የተባለ ትሮምቦን ተጫዋች ነው። አልፋ የተማረ፣ ከድራመንድ እጅ የቀሰመ ሰው ነው። በ1961 ወደ እንግሊዝ ተሻገረ። ይህን ስም ያዙልኝ።

ወደ እንግሊዝ የተሻገረው ሪኮ ብቻ አይደለም። ከ1948 ጀምሮ ከካሪቢያን የመጣ ሠራተኛ በአውቶቡስ፣ በሆስፒታልና በፋብሪካ ተሰማርቶ ነበር። ሸክላውንም ይዞ መጣ። ብሉ ቢት የተባለ የለንደን አሳታሚ ለእነርሱ ብሎ የጃማይካ ሙዚቃ ማሳተም ጀመረ። በ1964 ሚሊ ስሞል የተባለች የጃማይካ ልጅ በአንድ ዘፈኗ የእንግሊዝን ሰንጠረዥ ሁለተኛ ደረጃ ያዘች፤ በ1969 ደግሞ ሌላው ጃማይካዊ ዴዝመንድ ዴከር አንደኛ ወጣ። በዚያ ዘመን ፀጉራቸውን የተላጩ የነጭ ሠራተኛ ልጆች፣ ስኪንሄድ የሚባሉት፣ የዚህ ሙዚቃ ዋነኛ ገዢዎች ነበሩ። ከዓመታት በኋላ ያው የተላጨ ራስ የዘረኞች ምልክት ይሆናል። ይህን ማስታወስ ኋላ ለሚመጣው ነገር ይጠቅመናል።

አሁን ኮቨንትሪ እንግባ። ከተማዋ በእንግሊዝ መሀል አገር ያለች የመኪና ከተማ ናት። ጃጓርና ትራያምፍ የተሠሩት እዚያ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1940 ሌሊት የጀርመን አውሮፕላኖች ደብድበዋት ጥንታዊ ካቴድራሏን ጨምሮ መሀል ከተማው ወደመ። ከጦርነቱ በኋላ ፋብሪካዎቹ ሲያንሰራሩ ከአየርላንድ፣ ከስኮትላንድ፣ ከሕንድ ፑንጃብና ከካሪቢያን ሰው ጎረፈ። ከተማዋ ትልቅ አይደለችም፤ እንደ ለንደን እያንዳንዱ ወገን የራሱን ሰፈር ይዞ ሌላውን ሳያይ ሊኖር አይችልም። አባቶች በአንድ የመገጣጠሚያ መስመር ይቆማሉ፣ ልጆች በአንድ ትምህርት ቤት ይማራሉ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እንደምንለው፣ የኮቨንትሪ ወጣት ከጃማይካ ሙዚቃ ጋር የተዋወቀው ከጎረቤቱ ግድግዳ ማዶ ነው።

ለመገናኛውም ቦታ ነበር። ሆሊሄድ በተባለው የወጣት ማዕከል ውስጥ ኔቪል ስቴፕል የሚባል ልጅ የራሱን የድምፅ ማጉያ ተክሎ የሬጌ ሸክላ ያጫውት ነበር። ከጃማይካ በአምስት ዓመቱ የመጣ ልጅ ነው። ላንቸስተር ፖሊቴክኒክ የሥነ ጥበብ ተማሪዎችን ከየአገሩ ይሰበስብ ነበር። መሀል ከተማ ሎካርኖ የሚባል ሰፊ የጭፈራ አዳራሽ ነበረ፤ አሜሪካዊው ዘፋኝ ቻክ ቤሪ በ1972 አንደኛ የወጣለትን ዘፈን በቀጥታ መድረክ የቀዳው እዚያ ነው።

ቅድም ያነሣሁት ሰው የወጣው ከፖሊቴክኒኩ ነው። ጄሪ ዳመርስ በ1955 በሕንድ አገር ከቄስ ቤተሰብ ተወለደ። ኪቦርድ ይጫወታል። በትምህርት ቤቱ የቤዝ ተጫዋቹን ሆረስ ፓንተርን አገኘ። ጃማይካ ተወልዶ እንግሊዝ ያደገው ሊንቫል ጎልዲንግ በጊታር፣ የኮቨንትሪው ሮዲ ባየርስ በሌላ ጊታር፣ ጆን ብራድበሪ በድራም ተጨመሩ። ፊቱ የማይፈታው የከተማው ልጅ ቴሪ ሆል ድምፃዊ ሆነ። ኔቪል ስቴፕል መጀመሪያ የባንዱን ዕቃ ያወርድና ይጭን ነበር፤ በኋላ ማይክሮፎን ይዞ መድረክ ላይ ወጣ፣ ከዚያም አልወረደም። ባንዱ ስሙን ደጋግሞ ከቀያየረ በኋላ ዘ ስፔሻልስ ተባለ።

በመጀመሪያ የሚጫወቱት ፐንክና ሬጌ ነበር፤ ግማሹን ዘፈን በፐንክ፣ ግማሹን በሬጌ። ነገሩ አልተዋሐደም። ፐንክ የሚሮጥ ሙዚቃ ነው፣ ሬጌ ደግሞ ዝግ ብሎ የሚራመድ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው በተሸጋገሩ ቁጥር ጭፈራው ይቋረጥባቸዋል። በ1978 ክላሽ የተባለውን ስመ ጥር ባንድ ተከትለው አገሪቱን ሲዞሩ ደግሞ በአንዳንድ አዳራሽ ዘረኛ ጎረምሶች ገብተው ሲረብሹ አዩ። ያን ጊዜ ናሽናል ፍሮንት የተባለው ፓርቲ በየጎዳናው የሚሰለፍበት ወቅት ነበር። ፖለቲከኛው ኢኖክ ፓወል ስደተኞችን የሚያጥላላውን ንግግር በ1968 ያሰማውም ከኮቨንትሪ ብዙም በማትርቀው በበርሚንግሃም ነው። ዳመርስ መልሱን ያገኘው ወደ ኋላ በማየት ነው። ስካ የሬጌ አባት ነው፣ ግን እንደ ፐንክ ይሮጣል። ከዚህም በላይ የቀድሞዎቹ ስኪንሄዶች የጨፈሩበት ሙዚቃ ነው። ስለዚህ ለተላጨው ጎረምሳ «የአንተ ወግ ይህ ነበር፤ ጥቁሮች የሠሩት ነው» ብሎ መናገር የሚችል ሙዚቃ ነበር።

በ1979 ቱ ቶን የሚባል ሸክላ አሳታሚ ተቋቋመ። ሁለት ቀለም ማለት ነው። የመጀመሪያው ሸክላ በአንዱ ገጽ የስፔሻልስን «ጋንግስተርስ» ይዟል፤ ዘፈኑ ከፕሪንስ በስተር «አል ካፖን» የተቀዳ ነው። ገንዘቡ አልቆ ስለነበር ለሌላው ገጽ ኒዮል ዴቪስ የተባለ የከተማው ጊታሪስት ከብራድበሪ ጋር ቀደም ብሎ ያስቀዳውን ያለ ዘፋኝ የተሠራ ሙዚቃ አደረጉት። ትልልቅ ኩባንያዎች ስፔሻልስን ሲሻሙ ዳመርስ አንድ ቅድመ ሁኔታ አቀረበ፦ እኔን ከፈለጋችሁ አሳታሚዬንም አብራችሁ ተቀበሉ፣ ሌሎች ባንዶችንም አስቀዳለሁ። ክሪሳሊስ የተባለው ኩባንያ ተስማማ። «ጋንግስተርስ» ስድስተኛ ደረጃ ደረሰ።

የአሳታሚውን ምልክት ብዙዎቻችሁ አይታችሁት ይሆናል፤ ጥቁር ሱፍ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ቀጭን ከራባት፣ ባርኔጣና ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው ነው፤ ጎኑ ላይ ጥቁርና ነጭ የዳማ ሰሌዳ። ሥዕሉ የተወሰደው ከጃማይካዊው ሙዚቀኛ ከፒተር ቶሽ የወጣትነት ፎቶ ነው። ይህ አለባበስ ርካሽ ነበር፤ ከአሮጌ ልብስ ገበያ ይገኛል። ስለዚህ ማንም የኮቨንትሪ ልጅ በጥቂት ገንዘብ ባንዱን ሊመስል ይችል ነበር።

አሠራሩም የተለየ ነበር። ቱ ቶን አንድ ባንድ አንድ ነጠላ ሸክላ ብቻ እንዲያወጣ ይፈርማል፤ ከዚያ በኋላ ባንዱ ወደ ፈለገበት ይሄዳል። የለንደኑ ማድነስ ፕሪንስ በስተርን የሚያወድሰውን «ዘ ፕሪንስ» በቱ ቶን አወጣና ወደ ሌላ አሳታሚ አለፈ። የበርሚንግሃሙ ዘ ቢትም በታኅሣሥ 1979 የመጀመሪያ ሸክላውን አውጥቶ ስድስተኛ ከወጣ በኋላ የራሱን አሳታሚ አቋቋመ። በሮዳ ዳካር ድምፃዊነት ሰባት ሴቶች የሚጫወቱበት ቦዲስናቸርስም በዚሁ በር ነው የገባው።

ስለ ሁለት ባንዶች ጥቂት ልቆይ፤ የጉርብትናን ነገር ከማንም በላይ የሚያሳዩት እነርሱ ናቸውና።

የመጀመሪያው ዘ ሴሌክተር ነው። ያ የሸክላው ሁለተኛ ገጽ ተወዳጅ ሲሆን ኒዮል ዴቪስ እጁ ላይ ስም አለ፣ ባንድ ግን የለም። በጥቂት ሳምንት ከከተማው ሬጌ ተጫዋቾች መሀል ስድስት ሰው ሰበሰበ። እርሱ ብቻ ነጭ ነበር። ድምፃዊቷ ፖሊን ብላክ በኮቨንትሪ ሆስፒታል ራጅ የምታነሣ ባለሙያ ናት። ናይጄሪያዊ አባትና አይሁዳዊት እናት ነበሯት፤ ያሳደጓት ግን ነጭ ቤተሰብ ናቸው። ወንዶች በሞሉበት በዚያ መድረክ ሱፍና ባርኔጣ አድርጋ ስትወጣ የሚመስላት አልነበረም። «ኦን ማይ ሬዲዮ» ስምንተኛ ደረጃ ወጣ። እንዲህ ያለ ባንድ በሳምንታት ሊቆም የቻለው ሰዎቹ ቀድሞውኑ በየማዕከሉና በየመለማመጃ ክፍሉ ይተዋወቁ ስለነበር ነው።

ሁለተኛው ዘ ቢት ነው። ዘፋኙ ራንኪንግ ሮጀር ገና የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበር። ሳክስፎን የሚጫወተው ሳክሳ ደግሞ በ1930 በጃማይካ የተወለደ፣ ሃምሳ ዓመቱ አፋፍ ላይ የደረሰ ሰው ነው፤ ያገኙትም በበርሚንግሃም መጠጥ ቤት ሲጫወት ነው። ልጆቹ የሚያደንቁትን የድሮ ሙዚቃ ከሚያውቅ ሰው ጋር በአንድ መድረክ ቆሙ። ማድነስን ከዚህ ጋር አነጻጽሩት። ሰባቱም የካምደን ታውን ነጭ ልጆች ናቸው፤ ስካን የተማሩት ከሸክላ ነው፣ ወደዱት፣ ጥሩም ተጫወቱት። የመሀል አገሮቹ ግን ከሰው ተማሩት። የባንዶቹ መልክ የተለያየው ከዚህ ይመስለኛል።

ኅዳር 8 ቀን 1979 ስፔሻልስ፣ ሴሌክተርና ማድነስ በአንድ ምሽት በአንድ የቢቢሲ ፕሮግራም፣ በቶፕ ኦቭ ዘ ፖፕስ ላይ ቀረቡ። በዚያው ሰሞን ሦስቱ ባንዶች በአንድ አውቶቡስ አገሪቱን እየዞሩ ነበር። ስፔሻልስ በመጀመሪያው አልበማቸው ላይ ከ1967 የመጣ «ኤ ሜሴጅ ቱ ዩ ሩዲ» የተሰኘ ዘፈን አካተዋል፤ ትሮምቦኑን የነፋላቸው ሪኮ ሮድሪገዝ ነው። በዋሬካ ኮረብታ ከካውንት ኦሲ ከበሮ ጋር የተጫወተው ሰው ከቴሪ ሆል ጀርባ ቆመ። በየካቲት 1980 ደግሞ በመድረክ የተቀዳው «ቱ መች ቱ ያንግ» አንደኛ ወጣ።

ታዲያ ጥላቻ ተሸነፈ? አልተሸነፈም፤ ይልቁንም ትኬት ገዝቶ ገባ። የናሽናል ፍሮንት ደጋፊ ጎረምሶች ሙዚቃውን ስለወደዱት ከመድረኩ ፊት ቆመው ጥቁር ሙዚቀኞች የሚጫወቱትን እየጨፈሩ የናዚ ሰላምታ ይሰጡ ነበር። በዚያ የ1979 ጉዞ በሃትፊልድ ከተማ ድብድብ ተነሥቶ ሰዎች ቆሰሉ። በ1980 ሊንቫል ጎልዲንግን በለንደን ዘረኞች ደበደቡት፤ እርሱም «ዋይ» የተባለ ዘፈን ጻፈበት። በኬምብሪጅ አዳራሽ የተነሣ ጠብ ለማብረድ የገቡት ዳመርስና ሆል ፍርድ ቤት ቀርበው የገንዘብ ቅጣት ተጣለባቸው። በሚያዝያ 1981 በኮቨንትሪ መሀል ከተማ አንድ የእስያ ተወላጅ ተማሪ ተወግቶ ተገደለ፤ ስፔሻልስም በሰኔ ወር በዚያው ከተማ ለዘር ስምምነት ኮንሰርት አዘጋጁ።

በስተጀርባ ሌላም ነገር እየሆነ ነበር። በ1980 በካንሊ የሚገኘው የትራያምፍ ፋብሪካ መኪና መገጣጠም አቆመ። ሌሎችም ሠራተኛ ቀነሱ። በ1981 በመላ ብሪታንያ ሥራ ፈላጊው ከሁለት ሚሊዮን ተኩል አለፈ። ዳመርስ በጉዞው ላይ በግላስጎ አሮጊቶች የቤታቸውን ሲኒና ሳህን አስፋልት ዳር ሲሸጡ፣ በሊቨርፑል ሱቆች ተዘግተው አየ። ከዚያ «ጎስት ታውን» ተጻፈ፤ የሙት መንፈስ ከተማ። ከኮቨንትሪ አጠገብ በሌሚንግተን ስፓ በሚገኝ ትንሽ ስቱዲዮ ተቀዳ። ምቱ ዝግ ያለ ነው፣ ኦርጋኑ ያስፈራል፣ የሪኮ ትሮምቦን ከሩቅ እንደሚመጣ ሰው ድምፅ ይሰማል። ሐምሌ 1981 ዘፈኑ አንደኛ ሲወጣ በሊቨርፑል፣ በበርሚንግሃምና በሌሎች ከተሞች ወጣቶች ከፖሊስ ጋር እየተጋጩ ነበር። ሦስት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ።

በዚያው ሰሞን ሆል፣ ስቴፕልና ጎልዲንግ ከባንዱ ወጥተው ፈን ቦይ ስሪ የተባለ የራሳቸውን ቡድን መሠረቱ። ድካም ነበር፣ የሙዚቃ አቅጣጫ ክርክር ነበር፣ የግል ቅራኔም ነበር። ሴሌክተርም በዚያ ጊዜ ግድም ተበተነ። ዳመርስ ግን ቀጠለና በ1984 ስለ ኔልሰን ማንዴላ ያቀነባበረው ዘፈን ዘጠነኛ ወጣ። ማንዴላ ያን ጊዜ ከሃያ ዓመት በላይ ታስረው ነበር፤ ስማቸውን ያልሰማ ብዙ የእንግሊዝ ወጣት በጭፈራ አዳራሽ ሰማው። ደቡብ አፍሪካ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ2014፣ ለዳመርስ በኦሊቨር ታምቦ ስም የሚጠራውን ኒሻን ሸልማዋለች።

ሥራው ከከተማው ውጭም ተሰማ፤ በአሜሪካ፣ በጃፓንና በሜክሲኮ ስካ የሚጫወቱ ባንዶች በቀጣዮቹ አሥርት ዓመታት በዝተዋል። ኮቨንትሪም ታሪኳን አልጣለችም፤ በ2021 የብሪታንያ የባህል ከተማ ስትሆን በኸርበርት ሙዚየም ለቱ ቶን ሰፊ ዐውደ ርእይ አዘጋጀች። ሎካርኖ ግን ዛሬ ቤተ መጻሕፍት ነው።

አንድ ተቃውሞ አለ፤ ሸሽቼው አልሄድም። «እነዚህ ባንዶች ዘረኝነትን አላጠፉም፣ ከሦስት ዓመትም አልዘለቁም፤ ታዲያ ምን አተረፉ?» የሚሉ አሉ። እኔ የምመልሰው እንዲህ ነው። የተላጨው ጎረምሳ በዚያ አዳራሽ ከቆመ በኋላ አላወቅሁም ሊል አይችልም። የሚወደው ምት የማን እንደሆነ ዐይኑ እያየ ነው። ከዚያ ወዲያ ጥላቻውን ይዞ መቀጠልም መተውም የራሱ ምርጫ ሆነ። አንዳንዱ ቀጠለ፤ አንዳንዱ ተወ። ሙዚቃ ሊያደርግ የሚችለው እስከዚህ ነው፤ ይህም ቀላል ነገር አይመስለኝም። የቀረውን ሥራ ከሙዚቀኛ የምንጠብቅ ከሆነ የፋብሪካውንና የምክር ቤቱን ዕዳ በሰባት ወጣቶች ትከሻ ላይ መጫናችን ነው።

ስለዚህ የኪነ ጥበብ ወዳጆች ነን የምንል ሰዎች ጥያቄያችንን ብናስተካክል መልካም ነው። «ቀጣዩ ዳመርስ ማን ነው?» ማለት ብዙ አያራምድም። ተሰጥኦ በየሰፈሩ አለ። መጠየቅ ያለብን፦ ልጆች ሳይከፍሉ የሚለማመዱበት ክፍል አለ ወይ? የሃምሳ ዓመቱ ሳክስፎን ተጫዋችና የአሥራ ስድስት ዓመቱ ልጅ የሚገናኙበት መድረክ አለ ወይ? የተለያየ ቋንቋና ቀለም ያለው ሰው በአንድ ወለል ላይ የሚጨፍርበት አዳራሽ ሲሸጥና ሲፈርስ ዝም እንላለን ወይ? ኪንግስተን አልፋ ትምህርት ቤት ነበራት፣ ኮቨንትሪ ሆሊሄድ ማዕከል ነበራት። ሁለቱንም የገነባው ሙዚቀኛ አይደለም። የገነቡት ስማቸው በሸክላ ላይ ያልተጻፈ መነኮሳይያት፣ መምህራንና የከተማ አስተዳዳሪዎች ናቸው። እኛም ሙዚቃ ባንጫወት ያንን መሥራት እንችላለን።